ሁለት አንገት የነበረው ጊታር

ዘንድሮ ሱቄን ዘጋሁ። ደሴ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እየፈታሁ በአዲስ ሽቦ ስጠቀልል ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩባት ጠባብ ቤት ናት። እጄ አልደከመም፤ የከዳኝ ዓይኔ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ገበሬ የውኃ ፓምፑን አምጥቶልኝ ሁለቴ ተሳስቼ ሁለቴ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሰጥቼ ቁልፉን ለአከራዬ መለስኩ።

ደንበኞቼ ሁልጊዜ «ሴትዮ፣ ይህን ሙያ ከየት ተማርሽው?» ይሉኝ ነበር። «ቤይሩት» ስል ይስቃሉ። ቤይሩት የሄደች ሴት ወለል አጥባ፣ ሸሚዝ ተኩሳ የምትመለስ ነው የሚመስላቸው። ወለሉንም አጥቤያለሁ፣ ሸሚዙንም ተኩሻለሁ። ሽቦ መጠቅለል የጀመርኩት ግን እዚያው ነው። የጠቀለልኩትም ለኤሌክትሪክ ጊታር ነበር።

ስሜ ሰዓዳ ይባላል። ከመሄዴ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስጠቀልል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሽኑ ሲሮጥ ክሩ በጣቶቼ መሀል ያልፋል፤ ሊበጠስ ሲል ገና ሳይበጠስ ጣቴ ይነግረኛል። ክፍላችን ሲዘጋ እኔም እንደ ብዙዎቹ ፓስፖርት አወጣሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና እንደገቡ ነው፤ የሊባኖስ ጦርነት አልቆ ከተማው እንደገና የሚሠራበት ጊዜ።

የደረስኩት ባዕብዳ፣ ከቤይሩት በላይ ኮረብታው ላይ ካሉት ቪላዎች አንዱ ጋ ነበር። ማዳሜ ሳሚያ ባሏ የሞተባት፣ ንጽሕና የምትወድ፣ ስትቆጣ እንኳ «ፓርዶን» ብላ የምትጀምር ሴት ናት። ፓስፖርቴ እሷ መሳቢያ ውስጥ፣ ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሷ ስም ነበር። ከቤቷ ውጪ ሌላ ቦታ ብሠራና ብያዝ ቀጥታ ወደ እስር፣ ከዚያም ወደ አገሬ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ናቢል ጦርነቱን ካሳለፈበት ከካናዳ ተመለሰ። ሻንጣው አንድ፣ ጊታሮቹ ሰባት ነበሩ። ማዳሜ ክፍሉን ስታሳየኝ «አቧራውን ጥረጊ፣ እነዚህን ግን እንዳትነኪ» አለችኝ። ጊታር አይቼ አላውቅም አልልም፤ እንደነዚያ ዓይነት ግን አላየሁም። አንዱ ጭንቅላት የለውም፤ ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ያልቃሉ። አንዱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው። ሌላው እንደ ብርጭቆ ወለል ብሎ ሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው ሽቦ ሁሉ ይታያል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የጊታረኞች ፎቶ ከጣሪያ እስከ ወለል፦ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የፈሰሰ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች። ናቢል ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አባቴ የወሊዮችን ስም ሲጠሩ እንደሚያደርጉት።

«ሚስተር ናቢል» ብዬ ስጠራው «ሚስተር አትበይኝ፣ ሚስተር አባቴ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ናቢል ሆነ።

መጀመሪያ ድምፁን ጠላሁት። ጎረቤት ግድግዳ የሚሰረስር ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ ስተኩስ ቪዲዮ ከፍቶ ያይ ነበር፤ «ሰዓዳ፣ ጣቱን እዪ!» ብሎ ጮኸ። ምስሉን አቁሞ ወደ ኋላ መልሶ በቀስታ አስኬደው። የጊታረኛው ትንሿ ጣት ክሩን ነክታ ስትነሳ፣ ሌላው ጣት ቀድሞ ቦታው ላይ ደርሷል። ያን ፍጥነት አውቀዋለሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ላይ ነበር የማየው። በሰው እጅ ላይ ሳየው ግን ሰውነቴን ወረረኝ። የማዳሜን የጠረጴዛ ልብስ ያቃጠልኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ናቢል ሲለማመድ በር አጠገብ የሚጸዳ ነገር አላጣም ነበር።

ሙያዬ የተጀመረው በብልሽት ነው። ከጊታሮቹ አንዱ ድምፁ ጠፋ። ናቢል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታታው፤ እኔ አጠገቡ ታቡሌ ለሚሉት ሰላጣ ባቅዱኒስ የሚባለውን ቅጠል እለቅማለሁ። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠቅልሏል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እሱ ነው። ያን ግን ያን ጊዜ አላውቅም። ያየሁት ክር ነው።

«አጥብቀው ጠቅልለውታል» አልኩት። «የተበጠሰውም ውስጡ ነው፤ ከላይ ብትፈልገው አታገኘውም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጠርዙ ላይ አብጧል፤ መሀሉ ላይ ሰርጉዷል። እኛ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን መልሰን እንፈታዋለን።»

በማግሥቱ ለማዳሜ ምን እንዳላት አላውቅም፤ በመኪናው ይዞኝ ወደ አርመኖቹ ሰፈር፣ ወደ ቡርጅ ሐሙድ ወረደ።

መዓለም ሃጎፕን ያገኘሁት እዚያ ነው። መዓለም እዚያ አገር የእጅ ባለሙያን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። አርመናዊ ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ነበር። አባታቸው ዑድ የሚባለው የዓረብ ባለክር መሣሪያ ሠሪ፣ እሳቸውም ዑድ ሠሪ፤ በጦርነቱ ጊዜ ዑድ የሚያሠራ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ጊታር መጠገን ጀመሩ። አጠገባቸው የፈነዳ ከባድ መሣሪያ ጆሯቸውን ስለጎዳው አንድ ጊታር ሲመጣላቸው ጠርዙን በመሀረብ ይወለውሉና በጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሌላ ሰው ክሩን ይመታል። ድምፁ በአጥንታቸው ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። በኋላ ግን ደህና ጆሮ ያላቸው ሰዎች የማይሰሙትን ስንጥቅ በዚያ ጥርስ ሲያገኙ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ያን ቀን ከልብስ ስፌት ማሽን ሞተር በሠሩት መጠቅለያ ላይ አስቀመጡኝ። «ስምንት ሺህ ዙር» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የመጀመሪያው አራት መቶ ላይ ተበጠሰ። ሁለተኛው ሦስት ሺህ ላይ። በሦስተኛው ዓይኔን ከሽቦው ላይ አንሥቼ በጣቴ ብቻ ሄድኩ፤ ሽቦው ሲከር ላላ፣ ሲላላ ከረር። ሲያልቅ ላብ ጀርባዬን አርሶታል። መዓለም ሃጎፕ ጊታሩ ላይ ገጥመው ነከሱት። ናቢል መታው። ከዚያ ለእሱ ብቻ ተናገሩ፦

«እህትህን አነጋግራት። ይህች ሴት በሳምንት ሁለት ቀን ታስፈልገኛለች።»

ማዳሜ ለእሷ የሚመቻትን ውል ተዋዋለች፤ ለእኔም ትንሽ ደረሰኝ። «መንገድ ላይ ከያዙሽ ዕቃ ልትገዢልኝ ነው የወጣሽው። ገባሽ?» አለችኝ። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ እስር ባቅዱኒስ በፌስታል ይዤ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ እገባለሁ። ኬላ ላይ ወታደሩ አንገቱን በመስኮት ባስገባ ቁጥር ፌስታሉን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ። አንድ ቀን ባቅዱኒሱ ጠውልጎ አይቶ «ይህን ነው የምትበሉት?» አለኝ። ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔ ቡርጅ ሐሙድ እስክደርስ ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ።

እዚያች ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ባለች ቤት አራት ዓመት ሠራሁ። ሽቦ የሚያጣብቀውን ስታኞ ማቅለጥ፣ ማግኔት መሙላት፣ ሽቦ ከሽቦ ማያያዝ ተማርኩ። የማይመጣ ጊታር የለም። አንዱ ስምንት ክር ያለው፣ አንዱ በጦርነት ከፈረሰ ቤት በር የተሠራ፤ የማንኳኪያው ቀዳዳ እንኳ አልተደፈነም። ባለቤቱ «የእናቴ በር ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው መዓለም ሃጎፕ ቆባቸውን አወለቁ። ጊታረኞቹ ሁሉ የሩቅ አገር ጀግኖቻቸውን እያነሡ ሲከራከሩ እሳቸው «እነሱ ሰማይ ላይ ይሩጡ፤ እኛ መሬቱን እንያዝላቸው» ይላሉ።

መሬቱ ያሉት የመሬት መስመሩን፣ ኧርዙን ነው። በዚህ ቀልድ አያውቁም። የጊታሩ ክር በማጉያው በኩል፣ ማይክራፎኑ ደግሞ በሌላ መሣሪያ በኩል ከኤሌክትሪክ ጋር ይገናኛሉ። አንዱ በተገላቢጦሽ ከተሰካ፣ እጁ ክር ላይ ከንፈሩ ማይክራፎን ላይ የሆነ ሰው ራሱ ሽቦ ይሆናል። ስለዚህ ማንም ከመጫወቱ በፊት በቴስተር ክሩንና የማይክራፎኑን ብረት ይለካሉ። «አንዴ መለካት አይበቃም። ያኒ ይህች ከተማ በቀን ስንቴ መብራት ትቀይራለች? ከመንግሥት ወደ ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተር ወደ መንግሥት። በተቀየረ ቁጥር እንደገና።» ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ነግረውኛል።

በአራተኛው ዓመት ናቢል አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሁለት አንገት ያለው ጊታር ፈለገ። የላይኛው እንደ ማንኛውም ጊታር፤ ጀግኖቹን የሚከተልበት። የታችኛው ግን ጣት በሚያርፍባቸው የአንገቱ የብረት መስመሮች መካከል ተጨማሪ መስመሮች ገብተውበት፣ ዑድ የሚያወጣቸውን የዓረብ ዜማ ድምፆች የሚያወጣ። መዓለም ሃጎፕ ሦስት ቀን አሰቡበት። ከዚያ አባታቸው ትተውላቸው የነበረውን የዋልነት እንጨት ሳንቃ ከአልጋ ሥር አወጡ።

ክረምቱን ሙሉ በእሱ ላይ ነበርን። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየመቱ፣ እየነከሱ፣ እየነቀሉ እንደገና ይመታሉ። እኔ አራት ጥቅልል ሠራሁለት፤ የውስጥ ሽቦው ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ያለቀ ዕለት ናቢል በላይኛው አንገት ላይ እንደ ዝናብ አወረደው፤ ከዚያ እጁን ወደ ታችኛው አውርዶ ቀስ ብሎ አንድ ዜማ ጀመረ። መዓለም ሃጎፕ ጠርዙን እንደነከሱ ቀሩ። ናቢል ካቆመ በኋላም ለትንሽ ጊዜ አልለቀቁትም።

ናቢል በአዲሱ ጊታር የተጫወተበት ኮንሰርት ዛልቃ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ባለ አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት ነበር። መዓለም ሃጎፕ በትኩሳት ተኝተዋል። ቴስተሩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። «ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማዳሜ ፊት ረድፍ ላይ ናት፤ አጠገቧ ደግሞ የኢቃማ ጉዳይ የሚጨርስላት ባለሥልጣን ተቀምጧል። ከመግባቷ በፊት ክንዴን ይዛ «ከመጋረጃው ጀርባ እንዳትወጪ። እሱ ካየሽ እዚህ ምን ትሠራለች ይለኛል» ብላኛለች። ሰው ሳይገባ ለክቼ ነበር፤ ሁሉም ደህና ነው። ናቢል ጀመረ። ለአንድ ሰዓት ያህል ጣቶቹን ስከተል መተንፈስ ረስቼ ነበር ብል አላጋነንኩም። ያ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰው አሁን ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ የሚጫወተውም እኔ በጠቀለልኩት ሽቦ ነው።

መብራት ጠፋ። ሰው ሳቀ፣ አፏጨ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከውጭ ጄኔሬተር አጓራና መብራቱ ተመለሰ። ናቢል እጁን አንሥቶ «ያላ!» አለ፤ ሳይጠብቅም ጀመረ።

ቴስተሩ በእጄ ነበር።

መድረኩ ላይ ለመውጣት በመብራት መሀል፣ በማዳሜና በዚያ ሰውዬ ፊት ማለፍ ነበረብኝ። አንድ እግሬን ከመጋረጃው አወጣሁ። ማዳሜ አየችኝና በዓይኗ መለሰችኝ። ይህ እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ይህ ብቻ አይደለም። ናቢል የታችኛውን አንገት ያዘ። ያን ዜማ ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ከሰማሁት የበለጠ ነበር፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ይህን ይጨርስ፣ ከዚያ እወጣለሁ አልኩ ለራሴ። እግሬን መለስኩና ሰማሁት።

ዜማውን ከመጨረሱ በፊት፣ ክሩ ላይ እጁ እንዳለ፣ የሆነ ቃል ሊናገር ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለ።

መንጋጋው ግጥም አለ። ግራ እጁ የጊታሩን አንገት ጨምድዶ ያዘ። ከማጉያው የወጣውን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሰው የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ አንዳንዱም ከመቀመጫው ተነሣ። እኔ ሮጥኩ። መዓለም ሃጎፕ የተያዘን ሰው በእጅ እንዳትነኪ ብለውኛል፤ ገመዱን ከማጉያው ነቀልኩት። ናቢል ጊታሩ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው ጭብጨባው የቆመው።

ተረፈ። ከንፈሩ ተቃጠለ፤ የግራ እጁ ጣቶች ላይ ክሮቹ ቦይ ሠርተው ገቡ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ፣ ከእንግዲህ አይታጠፉም አለ።

መዓለም ሃጎፕ በትኩሳታቸው ሆስፒታል መጡ። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ «መብራቱ ሲመለስ ለካሽ?» አሉኝ።

«አልለካሁም፣ መዓለም።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ማዳሜ እየጮኸች ስትመጣ ግን ተነሡ። «ሱቁ የእኔ ነው፣ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። ማዳሜ አልሰማቻቸውም። «ሰዓዳ፣ ኸላስ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ» አለች።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ናቢል የአዳራሹን መብራት ሠራተኛ ይራገም ነበር፤ ጄኔሬተሩን በተገላቢጦሽ ያገናኘው ሰው ነውና እውነትም ጥፋት አለበት። ከዚያ ሰውና ከመዓለም ሃጎፕ ጀርባ ተደብቄ አገሬ ልገባ እችል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ ብቻውን አገኘሁት።

«ናቢል፣ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ መለካት ነበረብኝ» አልኩት። «መዓለም አዘውኝ ነበር። ቴስተሩ እጄ ላይ ነበር።»

በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ማዳሜን ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ… እየሰማሁህ ነበር። እስክትጨርስ ብዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ውጪልኝ» አለ።

ሾርባውን ትቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ናቢል ለእህቱ ምን እንዳላት አልነገሩኝም። ማዳሜ ከቤቷ አስወጣችኝ፤ ከአገር ግን አላስወጣችኝም። ወረቀቴ ብዙ ተንገላቶ ወደ መዓለም ሃጎፕ ስም ዞረ። ናባዓ ሰፈር ውስጥ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተከራየሁ። ሥራ ቀጠልኩ፤ ግን ወራቱን ሙሉ ሽቦ እጄ ላይ ይበጠስብኝ ነበር። መዓለም ሃጎፕ የተበጠሰውን ለቅመው አዲስ ጥቅል ከማስቀመጥ በቀር አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

የአበባው ወቅት ሲመጣ ናቢል ጊታሩን ተሸክሞ ሁለቱን ደረጃ ወረደ። ከስቷል። እኔን አላየኝም። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «መዓለም፣ ይከብደኛል። አንዱን አንገት ቁረጡልኝ» አላቸው።

መዓለም ሃጎፕ ጊታሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ገባኝ። የታችኛው ይነሣ። ላይኛው ላይ በቀሩት ጣቶች—»

«የላይኛውን» አለ ናቢል።

«ይህ እኮ የምትሮጥበት ነው።»

«አልሮጥም። በሁለት ጣት ጀግኖቼን መከተል አልችልም፤ ከኋላቸው የምትቀር እጅ ብቻ ናት ያለችኝ። በታችኛው ላይ ግን ቀስ ማለት ይቻላል።»

መዓለም ሃጎፕ መጋዙን ከግድግዳው አወረዱ። ለራሳቸው አልያዙትም፤ ለእኔ ዘረጉት።

«አልችልም፣ መዓለም» አልኩ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉ። እጃቸው እንደማይንቀጠቀጥ ሦስታችንም እናያለን።

ናቢል ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። «ቁረጪው» አለኝ።

ክሮቹን አላላሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ከጠቀለልኳቸው አራት ጥቅልሎች የላይኛውን አንገት ሁለቱን ነቀልኩ። መስመሩን በእርሳስ አሰመርኩ። ዋልነት ጠንካራ እንጨት ነው፤ መጋዝ ሲገባበት ይጮኻል። ትንሽ ብስት ሁለተኛው አንገት አብሮ ይሄዳልና እስትንፋሴን ይዤ በየሁለት ጣት ስፋቱ እያቆምኩ አየው ነበር። ናቢል ጊታሩን በደህና እጁ ደግፎ ያዘልኝ። እንጨቱ ሲለቅ ያ የላይኛው አንገት ከእነ ብረቱ በመዳፌ ላይ ቀረ። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ ክሩን መለስኩ፣ ለካሁ፣ ሰጠሁት።

ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰካው። ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላውን ይፈልጋል፣ ይስታል፣ ይመለሳል። ከዚያ ማግኘት ጀመረ። መዓለም ሃጎፕ ወንበራቸውን ስበው መጥተው ጎንበስ ብለው ጠርዙን ነከሱት፤ የተቆረጠው ጎን ላይ።

ናቢል ክሮቹን በመዳፉ ዝም አሰኛቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ይኸኛው ይሻላል ወይስ የድሮው?»

ልዋሽለት ነበር። አፌ ተከፍቶም ነበር።

«የድሮው» አልኩት።

ከኮንሰርቱ እሁድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ለእኔም የድሮው ነው» አለና እንደገና ጀመረ።